የሃምሳ አራተኛው ደቂቃ ግብ

በእረፍት ሰዓት ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ነበር። በዳኞች ክፍል ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀይ ፔርሙዝና ሁለት ብርጭቆ ነበሩ። ዋና ዳኛውና የመስመር ዳኛ የሆነችው ልጁ ከፔርሙዙ አንዳንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጡ፤ ሁለቱም ምንም አልሆኑም። ከዚያ ወደ ሜዳ ተመለሱ።

በሃምሳ አራተኛው ደቂቃ ግብ ገባ። የተሸናፊዎቹ ወላጆች «ኦፍሳይድ!» እያሉ ሜዳውን ቀወጡት። ዳኛው ግቡን አጸደቀ። ጨዋታው በስድሳኛው ደቂቃ ሲያልቅ ቀድሞ ወደ ክፍሉ ገባ። ልጁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስትከተለው ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ ብርጭቆው አጠገቡ ተንከባሎ አገኘችው።

መርማሪዋ ስትደርስ ካቴና የገባለት ሰው ነበር። አናጺው፣ ከተሸናፊዎቹ የአንዱ ልጅ አባት። ዳኛውን «ዛሬ ከዚህ በእግርህ አትወጣም!» ሲለው ሁለት መቶ ሰው ሰምቷል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ማልያውን እንደለበሰ አጥሩን ይዞ ያለቅሳል።

«ካቴናውን ልጁ ፊት ነው ያጠለቅህለት?» አለችው ፖሊሱን።

«እመቤቴ፣ ዝቷል እኮ!»

«የዛተ ሁሉ ከታሰረ ሜዳው ላይ የሚቀር ሰው የለም። ልጁን ከዚህ አርቅልኝ!»

ደሟ ፈልቷል፤ እጇ ግን አልቸኮለም። ሬሳውን አየች፣ ፔርሙዙን አሸተተች፤ ሻዩ መራራ፣ የመድኃኒት ሽታ ይሸታል። ከሟቹ ኪስ የመጥሪያ ወረቀት አወጣች፤ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለምስክርነት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቅረቡ» ይላል። መርዙ የገባው ከእረፍት በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ከእረፍት በኋላ ማን ገባ አባባ?»

«ሦስት ሰው፣ ልጄ። የተሸናፊዎቹ አሰልጣኝ ፋሻ ሊወስድ፣ አናጺው ሽንት ቤት፣ የዳኞች አስተማሪው ደግሞ ደብተሬን ረሳሁ ብሎ። ሲወጡ አላየሁም፤ የጓሮው በር ከውስጥ ይከፈታል፣ ከውጪ ግን አይከፈትም። እኔ ንጹሕ ፎጣ ዳኞቹ ክፍል አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ፣ መግቢያው ላይ ከመቀመጤ ጩኸቱ ቀለጠ። ደፉ ላይ ቆሜ ሜዳውን አየሁ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ የዘጋሁት የዳኞቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።»

«በመሃል የገባ አለ?»

«በእኔ በኩል? ዝንብ አላለፈችም።»

እንግዲህ ግቡ ሲገባ አንድ ሰው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሦስቱም ግን ግቡን በዓይናችን አይተናል አሉ።

አናጺው እንደታሰረ ይጮሃል። «እትዬ፣ አንዱ ኳሷን ከዳር በእጁ ወረወራት። ያኛው ቅምጥል ደግሞ ከበረኛችን ጋር ወሬ የያዘ ይመስል ለብቻው ቆሟል! ይሄ ኦፍሳይድ ካልሆነ ምንድን ነው ኦፍሳይድ?»

አሰልጣኙም ፊቱ በርበሬ መስሏል። «መጀመሪያ ነገር ውርወራው የእኛ ነበር! ሁለተኛ፣ ልጁ ከተከላካዮቼ ጀርባ ሁለት ሜትር አልፏል። ሁለት ሜትር! ዓይነ ስውር ያየዋል!»

የዳኞች አስተማሪው ግን ክራቫቱን አስተካክሎ በእርጋታ ተናገረ። «ሕጉ ቀላል ነው፣ እህቴ። የሚታየው ኳሱ ሲደርሰው የት ነበር ሳይሆን፣ ጓደኛው ሲመታው የት ነበር ነው። ያኔ ልጁ ከኋላ ሁለተኛ የሆነውን ተከላካይ አልፎ ነበር። ሟቹ ተማሪዬ ነው፣ ነፍሱን ይማርና ተሳስቷል።»

«ማን መታው?»

«አማካዩ ነዋ። ረጅም ኳስ።»

መርማሪዋ ስለ እግር ኳስ የምታውቀው ኳሱ ክብ መሆኑን ነው። የሟቹን ልጅ ፈልጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል፤ ባንዲራዋን አልለቀቀችም።

«ይቅር በይኝ የኔ እህት። ኦፍሳይድን አስረጂኝ።»

ልጅቷ አምስት የጠርሙስ ክዳን ሲሚንቶው ላይ ደረደረች። «ይሄ በረኛው፣ ይሄ ተከላካዩ፣ ይሄ አጥቂው። ኳስ ሲመታለት በተጋጣሚ ሜዳ ከኳሱም ከተከላካዩም ቀድሞ ከተገኘና ከተጫወተበት፣ ኦፍሳይድ ነው።» አንዱን ክዳን ከመስመሩ ውጪ አኖረች። «ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምት፣ ከግብ ምት በቀጥታ ሲመጣለት ግን የለም። ከበረኛው ጀርባ ቢቆምም የለም። የዛሬው ውርወራ ነበር። ባንዲራዬን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። ይሄንን አባቴ ነው ያስተማረኝ፤ እሱን ደግሞ መምህሩ።»

መርማሪዋ አመስግናት ተነሳች። ከዚያ ሁሉንም መልበሻ ክፍል አስጠራች።

«አናጺው ሕጉን አያውቅም» አለች። «አሰልጣኙም ሥራው ሆኖ ሳለ አያውቅም፤ ያሳፍራል። ግን ሁለቱም በእጅ ሲወረወር አይተዋል። የተሳሳቱት በሕጉ እንጂ ባዩት አይደለም። እርስዎ ሕጉን አንድም ሳያዛንፉ ነገሩኝ፣ መምህር። የመታው አማካይ ግን የለም። ሃያ ዓመት ሕጉን ያስተማረ ሰው ውርወራውን ቢያይ ኖሮ ኦፍሳይድ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። አላዩትም። የሰሙት ጩኸቱን ነው፤ የቀረውን ከራስዎ ሞሉት። ጩኸቱ ሲነሳ እርስዎ ፔርሙዙ ጋ ነበሩ።»

«ስም ማጥፋት ነው! እኔ ምን አቃቃረኝ ከእሱ ጋር?»

«የነገው ምስክርነት» አለች ልጅቷ በድንገት። «ያቺ የዳኝነት ሠልጣኝ! በቀትር ያለ ውሃ ያስሮጧት፣ ወድቃ ኩላሊቷ የተበላሸባት! ከድሮም ታማ ነበር ብለው ጻፉ። አባቴ ቆሞ አይቶ ነበር። ሳልናገር አላድርም ይለኝ ነበር።»

«ሰነፍ ነበረች!» ብሎ ጮኸ መምህሩ። «ለአንዲት ሰነፍ ብሎ ሊያዋርደኝ! ከአፈር ያነሳሁት እኔ ነኝ!»

ፖሊሱ የመምህሩን ቦርሳ ፈተሸ፤ ከደብተሩ ሥር ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ወጣ። መርማሪዋ ካቴናውን ከአናጺው እጅ ራሷ ፈታች።

አናጺው እጁን እያሻሸ ወደ ሟቹ ልጅ ዞረ። «ኦፍሳይድ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም።»

«ሰደብኩት እኮ። ልጄ እየሰማ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እሱም ሰምቶሃል» አለች ልጅቷ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። የሠልጣኟ ደም በሳምንት ሦስት ቀን በመሣሪያ ይታጠባል፤ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ይፈጃል።