ካርዷን የነጠቃት ቀን

ይሄ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ያላመነ ይተወው፣ ለማንም አልምልም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ፣ አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ... የሚያስፈራው ጨለማ ብቻ ነው ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።

አስቀድሜ ግን ስለ አለቃችን ልንገራችሁ። አንቱ ማለት ያለብኝ ሰው ነው፣ ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ሥራችን የልጆችን አስቸጋሪ ባህርይ ማከም ነው። እሱ ደግሞ ለዶክትሬቱ በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ የሚደረግ ጥናት ይዟል። ከኋላው "ጋሽ ማስረጃ" እንለዋለን። ጠዋት ማስረጃ፣ ማታ ማስረጃ... የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ። ድንቄም ምሁር! ልጅ ፊቱ ብትወድቅ መጀመሪያ የሚያነሳው እስክሪብቶውን ነው።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ "ሚጣዬ" ነው የምትላት። ችግሯ አንድ ነው። ግድግዳ ትመታለች።

ኳ... ኳ... ኳ...

በትንሽ ጡጫዋ፣ ቆዳው ተልጦ እስኪደማ።

መጀመሪያ ምንም ሳናደርግ ምን ያህል እንደምትመታ ቆጠርን። እሱ ለብቻው፣ እኔም ለብቻዬ። የሁለታችን ቁጥር ከተስማማ ቆጠራው ይታመናል። ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። እጅ የተሳለበት ትንሽ ካርድ ሰጠናት። ልምታ ልምታ ሲላት ካርዱን ታነሳለች፣ እናቷ ገብታ እጇን ትይዛታለች። ይኸው ነው።

ተወች።

ቁስሏ ሻረ። እናቷ ያንን እጅ እያገላበጠች ስትስም ሳይ እኔም እንባዬ መጣ።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት፣ አይደል?

ጋሽ ማስረጃ ግን ካርዱን እንውሰድባት አለ። ሕክምናው ሲነሳ መምታቱ ተመልሶ ካልመጣ፣ ያዳናት ሕክምናው መሆኑን በምን አውቃለሁ ብሎ ተከራከረ። በሙያችን የታወቀ አሠራር ነው፣ አልዋሽም። ግን ራሷን በምታደማ ልጅ ላይ አይሞከርም፤ ይሄን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። የዳነ ቁስል ተልጦ ይታያል እንዴ? አልኩት። ስሜታዊ ነሽ ብሎ ዘጋኝ።

እናቷ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"እህቴ... አትመልሱባት። ለምን እንደምትመታ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?"

አናውቅም። እሱ ገና ድሮ "የእናቷን ትኩረት ለማግኘት" ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ጽፎ የጨረሰ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል!

እኔ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት። አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

"ቀድሜ ካልመታሁ... እሱ ይመታል።"

"እሱ ማነው?"

ግድግዳውን አየች።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። የልጅ ወሬ አይለካም አለ።

በማግስቱ ካርዱን ነጠቃት። እናቷን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ፣ ብትጠራሽም እንዳትገቢ አላት። ልጅቷ ክፍሉ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከግድግዳው ሩቅ ናት። እኛ ልጆቹን ከምናይበት መስታወት ጀርባ ነን።

ፀጥ...

ጋሽ ማስረጃ ላብ አጠመቀው። ካልመታች ጥናቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ልጅቷ እንድትደማ ሲጸልይ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወይ አለማፈር!

ከዚያ...

ኳ... ኳ... ኳ...

"ተመለሰ!" አለ በሹክሹክታ። አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ በጆሮው ይቆጥራል።

እኔ ልጅቷን አየኋት። ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለት እጆቿ ጆሮዎቿ ላይ ናቸው።

ኳ... ኳ...

ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁና ለእናቷ በሩን ከፈትኩላት። እየሮጠች ገብታ እጇን ስትይዛት ድምፁ ቆመ።

በእኔ ወረቀት ላይ አንድም ምልክት የለም። እሱ ወረቀቱን ሞልቶታል። ቁጥርሽን አስተካክይ አለኝ። እምቢ ስለው የእኔን ቀዶ ጣለው። ለበላዮቹ ብናገር፣ ጥናቱን ለሚያቀርብበት ቀን አዳራሹ ተይዟል፣ እንግዳ ተጠርቷል አሉኝ። የእኔም ድፍረት የዱባ ጥጋብ ሆኖ እነሱ ጋ አለቀ!

ካርዱ ለልጅቷ ተመለሰላት። ለእንግዶቹ ሊያሳያት ፈልጎ እኮ ነው። የዳነችውን ልጅ ይዛችሁ ኑ ብሎ እናትና ልጅን አዳራሹ ድረስ አስመጣ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። መጋረጃው ላይ የምቱን ቁጥር የሚያሳየውን መስመር በእንጨት እያመለከተ፣ እዚህ ወረደ፣ እዚህ ተመልሶ ወጣ ይላል። ምሁራኑ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥሎ ካርዱን የነጠቃት ቀን የተቀረጸውን ቪዲዮ ከፈተ።

ኳ... ኳ... ኳ...

ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ፣

"ይቅርታ... የልጅቷ እጆች የት ናቸው?"

ዞር ብሎ አየ። እጆቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው። አመድ መሰለ።

"አቁመው... ቪዲዮውን አቁመው" አለ ማሽኑን ለያዘው ልጅ።

"አቁሜዋለሁ እኮ ጋሼ..."

እውነትም ምስሉ ቆሟል። ልጅቷ ጆሮዋን እንደያዘች ደርቃለች።

ኳ... ኳ... ኳ...

ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ግድግዳ ነው የሚመጣው። ከጋሽ ማስረጃ ትከሻ አጠገብ።

ሚጣ ከእናቷ እቅፍ ሹልክ ብላ ወጣች። ቀስ ብላ ሄዳ ካርዷን ዘረጋችለት።

"ጋሼ... እንካ። አንሳው፣ ሰው ይመጣልሃል።"

ተቀበላት። ካርዱን ወደ እኛ ከፍ አደረገው።

ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም። አላዘንኩለትም፣ ይሄን ስናገር ደግሞ አላፍርም።

ልጅቷ ተመልሳ እጇን በእናቷ እጅ ውስጥ ከተተች።

እሱ እስኪደክመው ካርዱን አንስቶ ጠበቀ... ከዚያ ጣለው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ጡጫውን ጨበጠ፣ እና ቀድሞ መምታት ጀመረ።

ኳ... ኳ... ኳ...

ግድግዳው ላይ ደም ታየ። አሁን አንዱ ይነሳል ብዬ ከፊት የተቀመጡትን ምሁራን አየሁ።

ሁሉም አንገታቸውን ወረቀታቸው ላይ ደፍተው... ይቆጥሩ ነበር።