የሾፌር ጉዲሳ ነጥብ

ወሎ ሰፈር ያለው ባለ ዘጠኝ ፎቅ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ሁለት ሺህ ሠራተኛ አለ፤ በምዘናው መሠረት ከአንዷ በቀር ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ናቸው። ታዲያ ሥራው ለምን እንደማይሠራ እግዜር ይወቀው። በ2004 ዓ.ም. ሰኔ፣ አንድ ሐሙስ፣ የምዘና ኃላፊው አቶ ፈቃዱ ከአራተኛው ፎቅ ደረጃ ወድቀው፣ አንገታቸው ተሰብሮ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ተገኙ። ሁሉም በሊፍት ስለሚሄድ ቀድሞ ያያቸው አልነበረም።

ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ ስትደርስ ጣቢያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ደሪቱን አስሮ ጨርሷል። «ዝቅተኛ» ተብላ ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃለች አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ከተፈረደባት ልጆቹ ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው።

«ለምን ዝቅተኛ አሉሽ?»

«ባዶ ቅጽ ላይ አልፈርምም ብዬ። እኛ ጋ ሐምሌ ላይ የዓመቱን ቅጽ ባዶውን አስፈርመው ይሰበስባሉ፤ ነጥቡን አለቃው በፈለገ ጊዜ ይሞላል። ይኼን ብነግራቸው አቶ ፈቃዱ በአለቃዬ በጉግሳ ተናደዱ። ዛሬውኑ ጉግሳን አነጋግራለሁ አሉ።»

የሟቹ ጸሐፊ ሀይሚ ከሰዓቱን ሙሉ ኦሎምፒያ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበረች፤ ሐኪሙም መሰከረላት። የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ ጉግሳ ግን ሳይጠየቅ አሥራ ሁለት የምዘና ቅጽ ዘረገፈ። እንደ እሱ አባባል ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ሾፌሮቹን ቢሮው ሲገመግም ነበር፤ ሁሉም ፈርመዋል። ሾፌሮቹም ነጥባቸው እጁ ላይ ነውና አንገታቸውን ነቀነቁ። የሻሽወርቅ ስትወጣ መግቢያው ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማ ቆየች።

በማግስቱ ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበች። ደሪቱ በሁለት ፖሊስ መሃል ተቀመጠች።

«አሥራ ሁለቱንም ፊት ለፊት ገመገሙ?»

«አንድ በአንድ» አለ ጉግሳ።

«ጉዲሳ በዳሳንም?»

«ጎበዝ ልጅ ነው። በሰዓት አክባሪነት አምስት ከአምስት ሰጥቼዋለሁ።»

ሾፌሮቹ አቀረቀሩ። ኢንስፔክተሯ ከሰሌዳው የነቀለችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የጉዲሳ የሞት ማስታወቂያ ነበር። ያ ቤት የለጠፈውን አያነሳም፤ ጉግሳም የሾፌሩን ቀብር አልሄደ፣ ሰሌዳም አያነብ።

«ጥር ላይ የተቀበረ ሰው ሰኔ ላይ ቢሮዎ አልገባም። ፊርማው ባዶ ቅጽ ላይ ያረፈ የአምናው ሐምሌ ነው። እርስዎ የድሮውን ነጥብ ገልብጠው ቀኑን ብቻ ለወጡ። ሐኪሙ ሟቹ ከስምንት እስከ አሥር ባለው ጊዜ እንደሞቱ ነግሮናል፤ እኛ ግን ሰዓቱን ለማንም አልተናገርንም። እርስዎ አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፉት።»

ከኋላ ሽማግሌው ሾፌር አብዱልጀባር ተነሡ። «እኔም አልገባሁም» አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጉግሳ ላብ በላብ ሆኖ አመነ፤ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው ፈቃዱ ለቦርዱ እነግራለሁ ስላሉት ደረጃው ላይ ገፍቷቸዋል።

ደሪቱ በዚያው ቀን ልጆቿ ጋ ገባች። ሐምሌ ላይ ያ ሰሌዳ የዓመቱን ውጤት ይዞ ብቅ አለ። እስር ቤት ያለው ጉግሳ ዘጠና ስምንት። አፈር የለበሰው ጉዲሳ ዘጠና አምስት። ደሪቱ ሃምሳ አንድ፤ ምክንያት፦ «ለመፈረም ፈቃደኛ አይደለችም።»