የክንዱ ዜሮ

በጥር ወር ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጦርነቱ ከጋይንት ከተመለሰ አምስተኛ ወሩን ሲይዝ፣ በነሐሴ ሳይታረም የቀረው ስንዴ ከነአረሙ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሮ ነበር፤ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደውም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። በዚያው ሰሞን የጨረራ ደኅንነት ባለሙያዋ ወይዘሮ ዮርዳኖስ ቀለመወርቅ፣ በቦርሳዋ አንዲት ወረቀት ይዛ፣ በዚያው አገር ወዳለ ስሙን ወደማንጠራው ሆስፒታል ከአዲስ አበባ መጣች። በወረቀቷ ላይ የራጅ ክፍሉ ሠራተኛ አቶ ክንዱ አለሙ በክረምቱ ጦርነት ሦስት ወራት ውስጥ ያገኘው የጨረር መጠን ተጽፏል፤ መጠኑም ዜሮ ነው።

አለቃዋ «ዜሮ ከሆነማ እሰየው ነው፤ ምን ያስኬድሻል?» ብሏት ነበር። እሷን ግን ዜሮው እንቅልፍ ነሳት። በእነዚያ ሦስት ወራት ከስማዳም ከጋይንትም ቁስለኛው በቃሬዛ ሲጎርፍ፣ ያ ክፍል ስንት መቶ የተሰበረ አጥንት በራጅ እንዳነሳ ታውቃለች፤ በዚያ ክፍል የዋለ የጨረር መለኪያ ባዶ ሊሆን አይችልም።

ዮርዳኖስ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ቀለመወርቅ ድጓ ያስመሰከሩ፣ ለባዕድ ቃል ሁሉ የአገር ቃል ካላገኙ የማያርፉ ሊቅ ነበሩ። እሷም ፊዚክስ ትማር እንጂ ይህን ጠባይ ወርሳለች፤ ግትርነት ቢባልም ያስኬዳል። ከዓመት በፊት ራጅ አንሺው ሥራ ለቆ ነርሱ ክንዱ በአጭር ሥልጠና ሲተካ፣ ደረት ላይ የሚደረገውን ትንሽ የጨረር መለኪያ ባጅ የሰጠችው እሷ ነበረች። ሌሎቹ አሠልጣኞች «ሞኒተር ያደርጋል» ሲሉ እሷ ያንን ጠልታ፣ «ይህን ከላይዎ አይለዩት፤ ይጠብቅዎታል» አለችው። ዐይኑን ሳይነቅል ያይዎታል፣ ያየውንም ለእኛ ይነግራል ማለቷ ነበር።

ክንዱ በራጅ ክፍሉ በር ላይ ሲያያት ጎንበስ ብሎ ተቀበላት።

«እንኳን ደኅና መጡ! በዚያ ክፉ ቀን ያተረፈን እኮ የእርስዎ ነገር ነው።»

«ምኑ፣ አቶ ክንዱ?»

«ባጁ ነዋ! ባለቤቴ ማንአለሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መንገዱ ተዘግቶ የምትሸሽበት ጠፋ። ይጠብቃል ብለውኝ የለ? ከማተቧ ጋር አሰርሁላት። ይኸው ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ እግዜር ይስጥዎ።»

«እርስዎስ? ቁስለኞቹን ራጅ ሲያነሱ የት ነበር የሚቆሙት?»

«እዚሁ ነዋ። ሰው በሕመም ሲንፈራገጥ ከእርሳስ ግድግዳ ጀርባ ማን ይቆማል? ዘበኛው የማሽኑን ቁልፍ ሲጫን እኔ እግር እጃቸውን እይዝላቸዋለሁ።»

«ባጁ በየሦስት ወሩ ወደ እኛ የሚላከውስ ለምን መሰለዎት?»

«ኃይሉ ሲያልቅ የሚለወጥ መስሎኝ ነበር።»

ዝም ብላ መመለስ አማራት፤ ደስ ብሎት የነበረን ሰው ደስታ ማፍረስ ከበዳት። ቢሆንም ነገረችው፤ ባጁ እንደ ክታብ የሚመክት ሳይሆን የገባውን ጨረር የሚቆጥር ብቻ መሆኑን፣ ቃሉንም ያበላሸችው እሷ መሆኗን ነገረችው።

ክንዱ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ታዲያ እኔ ላይ ስንት ገብቷል?»

«አላውቅም፤ ሊነግረን የሚችለው ባጁ ብቻ ነበር።»

«ልጄስ?»

«ልጅዎን አልነካውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ዜሮ የእሱ ነው።»

«እንግዲያው ጠብቆታል» አለ፤ ለመሳቅ ሞክሮም አቃተው።

ዮርዳኖስ አዲስ አበባ ተመልሳ ዜሮውን ሰርዛ «አልተለካም» ብላ ጻፈች፤ ዳሩ ግን መዝገቡ ቁጥር እንጂ ቃል አይቀበልም ተባለና ዜሮው እንደነበረ ቀረ። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በጥይት የወደቀውንና በመድፍ የቆሰለውን ይቆጥራሉ፤ ክንዱ ግን ከሙታንም ከቁስለኞችም ዝርዝር የለም፤ በመንግሥት መዝገብም ምንም ያልነካው ሰው ነው። እሱም እጁ ላይ ነጥብ ባየ፣ ዐይኑም ብዥ ባለበት ቁጥር ይደውልላታል።

«ወይዘሮ ዮርዳኖስ፣ ያ ጨረር ይሆን እንዴ?»

«አይመስለኝም» ትለዋለች፤ «አይደለም» ብላው ግን አታውቅም።