የቀኙ ስፒከር

«ፊውዝ፣ እስቲ ነይና ስሚልኝ» አሉ አያቷ፣ በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ትይዩ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ። «በቀኝ በኩል ቫዮሊኑ አልሰማ አለኝ።»

ፊውዝ ያሏት እሳቸው ናቸው፤ በትንሽ በትልቁ ቱግ ስለምትል። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። በግራ በኩል ሁሉም ነገር አለ። ከቀኙ ግን የሚወጣው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው። ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ከጣት የሚያጥሩ ሁለት የነሐስ ቁራጮች ከሐሙስ ጀምሮ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ናቸው።

«ጆሮዬ ነው» አሉ አያቷ። «በቃ፣ እሱም ሄደ።»

ፊውዝ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

አያቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የሲኒማ ቤት የድምፅ ሠራተኛ ነበሩ። እያንዳንዱ ስፒከር ከጀርባው ሁለት ጥንድ ብሎን አለው፤ የላይኛው ለቀጭኑ ድምፅ፣ የታችኛው ለወፍራሙ። አንድ ሽቦ ለሁለቱም እንዲበቃ የሚያገናኟቸው እነዚያ የነሐስ ቁራጮች ናቸው። «እሑድ አብረን እናወልቃቸዋለን» ብለዋት ነበር። «ትልቁን ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩን፣ ለወፍራሙ፣ ትንሹን ለቀጭኑ እናደርገዋለን። ያኔ ሙዚቃ ምን እንደሆነ ትሰሚያለሽ! ብቻ ቁራጮቹ ሳይወልቁ እንዳታበሪ፤ አምፕሊፋየሮቹ እርስ በርስ ይበላላሉ።»

ለእሷ እሑድ ሩቅ ነበር። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ሠርታ ልታስደንቃቸው አሰበች። የቀኙን ቁራጮች አውልቃ ኪሷ ከተተች። ወደ ግራው ስትዞር ስልኳ ጮኸ፤ ጓደኛዋ ነበረች፣ የሒሳብ ፈተና ውጤት ወጥቷል። አውርተው፣ ተሳስቀው፣ ተመልሳ ሁለቱንም አምፕሊፋየሮች ከስፒከሮቹ ጋር በሽቦ አሰረችና አበራች። የግራውን ቁራጮች ግን አላወለቀችም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ ለፊውዝ ግን የምትለቅመው እንኳ አልተረፋትም። ትልቁ አምፕሊፋየር ጧ! አለና ጨሰ። ሽቦውን እንደነበረ መለሰች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ክፍሏ ገብታ ደብተር ገለጠች።

ማታ አያቷ ሽታውን ተከትለው ክዳኑን ከፈቱ። «ጠዋት ሳላጠፋው ወጥቼ ነው» አሉ።

የጠየቃት ሰው የለም። መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር።

ባለፈው ወር አያቷ ምድጃ ለኩሰው ረስተው ነበርና እናቷ ደነገጠች። «አባዬ፣ ከእንግዲህ እሳትም ኤሌክትሪክም ብቻዎን አይንኩ። በሞቴ!» ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በጭቅጭቅ ይታመስ ነበር። ሐሙስ ማታ ግን አያቷ «እሺ ልጄ» ብለው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ሰጧት። ያ «እሺ» ሦስት ቀን ሙሉ ከፊውዝ ጆሮ አልጠፋም። ምነው በተቆጡ፣ ምነው አንድ ሰው በጮኸ ብላ ተመኘች።

ዛሬ እሑድ፣ ትንሹን አምፕሊፋየር ያገናኙት እናቷ ቆማ እያየቻቸው ነው፤ ከስፒከሮቹ ጀርባ አልደረሱም።

«ስፒከሩ ሊሆን ይችላል እኮ አባባ» አለች ፊውዝ።

«ድሮ ቢሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ስፒከሩን ነበር» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አሁን ራሴን መጠርጠር ይቀለኛል።»

«ነገ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ» አለች እናቷ ከወጥ ቤት።

ፊውዝ ግን አንድ መላ አላት። ከስፒከሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ ቁራጮቹን መመለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብሎኖቹ በእጅ ይፈታሉ። ቫዮሊኑ ይመለሳል፣ አያቷ «ጆሮዬ ተሻለው!» ብለው ይስቃሉ፣ ማንም ምንም አያውቅም። ከስፒከሩ ጀርባ ተንበረከከች። የላይኛውን ብሎን ፈታ አደረገች።

ከዚያ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። መዳፋቸውን ቀኝ ጆሮአቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ያነሳሉ፣ እንደገና ያደርጋሉ። ጆሯቸው ቢመለስ እንኳ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ይቀራል።

ተነሥታ መጣችና ቁራጮቹን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

«አባባ፣ ሐሙስ ዕለት ከቀኙ ያወለቅኋቸው እኔ ነኝ።»

አያቷ ነሐሱን አገላበጡት። ቀኙን ስፒከር አዩ፣ የተቃጠለውን አምፕሊፋየር አዩ፣ ከዚያ እሷን። ዓይናቸው የድሮው የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ዓይን ሆነ።

«የግራውስ?» አሉ።

«ሳላወልቀው ነው ያበራሁት።»

ነሐሱን መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት። «ሦስት ቀን» አሉ። «ሦስት ቀን አእምሮዬን ስፈራው ከረምኩ።»

ፊውዝ እንባዋን በጃኬቷ እጅጌ ጠረገችና ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች።

«እማ» አለች ጮክ ብላ፣ «የሳጥኑን ቁልፍ ይዘሽ ነይ። የምነግርሽ ነገር አለ።»