አምስተኛው ቁጥር

«እስቲ ቁጥሮቹን እንደገና ቁጠሪ፣ ልጄ» አላት አባቷ።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ላይ የምትጽፍለት እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከነገ ወዲያ ፈተና አለባት፤ ደብተሯን ግን ዛሬ አልከፈተችውም።

ስክሪኑን በጣቷ እየነካካች ቆጠረች። «አምስት።»

«አራት ነው። ያችን ትንሿን ተያት።»

አባቷ ኒውትሪኖ ስለምትባል ቅንጣት ማሰብ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በሰው ገላ ውስጥ በየሰከንዱ እልፍ አእላፍ ኒውትሪኖዎች ያልፋሉ፤ ማንም አይሰማውም። ክብደት አላቸው፤ ለምን ያን ያህል ኢምንት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እሱ ያወቀ መስሎት ነበር። ከሦስቱ የኒውትሪኖ ዓይነቶች ሁለቱ እንደ ፊትና መስታወት ናቸው ብሎ፣ በሁለት ቁጥሮች ብቻ የቆመ የሚያምር ሞዴል ሠራ። በሞዴሉ መሠረት፣ ዓይነቶቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚቀላቀሉ ከሚለኩት ማዕዘኖች አንዱ ልክ ዜሮ መሆን ነበረበት። ሲለካ ዜሮ አልሆነም።

አንድ ማስተካከያ ቁጥር ጨመረ። አሁንም አልገጠመም። ሌላ ጨመረ። ከዚያም ያችን ትንሿን።

«ያች የማትታይ ነገር እኛን አጎበጠችን» ትላለች እናቷ ከጓዳ።

ዛሬ፣ ስለ ሞዴሉ ጽፎ ለመጽሔት የላከውን ጽሑፍ የመረመሩት ሰዎች ለጠየቁት አንድ ጥያቄ መልስ ይላካል። በሙከራ የተለኩት ቁጥሮች አምስት ናቸው፤ በሞዴሉ ውስጥ እንዲገጥሙ ተብለው የሚስተካከሉትስ ስንት ናቸው? አራት ከሆኑ ሞዴሉ አሁንም አንድ ነገር ይተነብያል። አምስት ከሆኑ ምንም፤ አምስት ቁጥር እንደ ልቡ እያስተካከለ አምስቱን ማስገጠም ማንም ይችላል።

ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ እያየች ስትሠራ ይዟት፣ የመልስ ገጾቹን ቀዶ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። «አይተሽ ከሠራሽው አልሠራሽውም» አላት። ገጾቹ እስካሁን እዚያው ናቸው።

«አባዬ፣ ይሄማ ፉገራ ነው። ትንሽም ብትሆን ቁጥር ናት።»

አባቷ ቀስ ብሎ «አሥራ አንድ ዓመት ነው እኮ» አላት። «አራት ብለሽ ጻፊ።»

«ያለሽን ጻፊለትና ይገላገል!» አለች እናቷ። «ፈተናሽን እሱ አይፈተንልሽ!»

ልጅቷ ጻፈች። ስክሪኑን ማንበብ እንደማይችል ታውቃለች። አምስት ብላ ጽፋ «አራት» ብላ ብታነብለት፣ የመርማሪዎቹ መልስ እስኪመጣ ጥቂት ሳምንት በሰላም ይተኛ ነበር።

«አንብቢልኝ።»

«‹በሞዴሉ ውስጥ የሚስተካከሉት ቁጥሮች...›» የአባቷ እጅ የወንበሩን ክንድ ጨብጧል።

«‹...አምስት ናቸው።›»

ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ። «ልጄ» አለ በመጨረሻ።

እሷም ቁጥሩን ሳትቀይረው እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።