አራት ሰዓት ላይ የተዘጋው ሥራ

ሬሳው ከሊፍቱ ጉድጓድ ሲወጣ የሟቹ ኪስ ውስጥ የእጅ ባትሪና ግማሽ ዳቦ ተገኘ። ዳቦውን ያስቀመጠው ሥራውን ሲጨርስ ሊበላው ነው። ይህን የማነሳው ወድጄ አይደለም፤ በዚያው ዕለት አለቆቹ ወረቀት ላይ «ሥራውን ጨርሶ፣ ጨርሻለሁ ብሎ ነበር» ብለው ስለጻፉበት ነው። ጉድ እኮ ነው! ሥራውን የጨረሰ ሰው ወጥቶ ዳቦውን ይበላል እንጂ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሊፍት አይጠብቅም።

ሟቹን ከቁመቱ የተነሳ «ቀጭኔ» ይሉት ነበር። ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ በሚያስተዳድር ድርጅት የሊፍት ጠጋኝ ነው። እዚያው ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ታላቅ እህቱ ድርጅቱ ሥራውን ሁሉ የሚከታተልበትን ሲስተም ታስተዳድራለች። ሲስተሙ በኮምፒውተርም በስልክም ይከፈታል፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ መጨረስ እንዳለበት ያሳያል። አንድ ሥራ «ተጠናቀቀ» የሚል ምልክት ካገኘ አለቀ ማለት ነው። ምድር ቤት የኤሌክትሪክ ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሽ ፊውዝም ኃይል የሚለቁት ያንን ምልክት አይተው ነው።

የዚያን ዕለት ምልክቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በቀጭኔ ስም መጣ። ጋሽ ፊውዝ ማብሪያውን ገፉ፣ ሊፍቱም ወረደ።

በማግስቱ እህትየው የወንድሟን ስልክ ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥታ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ቀጭኔ ጉድጓድ ሲገባ ስልክ አይዝም። ታዲያ በምን ዘጋው? መልስ ጠፋ፤ መልስ ሲጠፋ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ወረቀት ተተየበ። «ሲስተሙ በአስተዳዳሪዋ ቸልተኝነት ሥራውን በስህተት ዘግቷል» ይላል፤ ከግርጌው የእህትየው ስም ተጽፎ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ክፍቱን አቀበላት። እሷም ከድና መለሰችለት።

የፖሊስ መርማሪው የደረሰው ይሄኔ ነው። አጭር፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሰውዬ ነው። «አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ» ማለት ይወዳል፣ ብሎ ሲሄድ ግን ታይቶ አያውቅም። መጀመሪያ የጠየቀው ለምን እንዳልፈረመች ነበር።

«ከፈረምሽ ድርጅቱ ጠበቃ ያቆምልሻል ብለውኛል» አለች። «እናቴ ፊት ማን ያቆመኛል? ወሬው ደርሷት ቅድም ደውላ 'እውነት አንቺ ነሽ?' ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ከጠየቀችኝ በኋላ የሚያስፈራኝ ሰው የለም።»

መርማሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደል ለቅሞ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ መሆኑን ሳያፍር ነገራትና እንደ ተማሪ ማስታወሻውን ከፈተ። እሷም ከአራት ሰዓቱ ጀመረች። በዚያች ደቂቃ የተዘጋው የወንድሟ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ቀናቸው ያለፈ አሥራ አንድ ሥራዎች በሰባት ሰዎች ስም አንድ ላይ ተዘግተዋል። የቀጭኔ ሥራ መለዋወጫ ዘግይቶበት ቀኑ በዋዜማው አልፎ ነበር። ይህን ሰው አይሠራውም፤ የሚሠራው ፕለጊን ነው።

«ፕለጊን ምንድነው?»

«ሲስተሙን ቤት ነው ይበሉ፤ ፕለጊን በኋላ የሚቀጠልበት ክፍል ነው። ስጭነው ፎልደሩን ቦታው አስገባለሁ፣ የራሱን ሰንጠረዥ በመረጃ ቋቱ ውስጥ እንዲዘረጋ አዛለሁ፣ ከዚያ ሲስተሙን አጥፍቼ አበራለሁ። ጠፍቶ ካልበራ አይሠራም። ሳነሳው ደግሞ መጀመሪያ ሰንጠረዡን አስነሳለሁ፣ ቀጥሎ ፎልደሩን እሰርዛለሁ፣ አሁንም አጥፍቼ አበራለሁ። ፎልደሩን ብቻ የሰረዘ ሰው ግድግዳውን አፈረሰ እንጂ መሠረቱ መሬት ውስጥ ቀርቷል።»

እንዲህ ያለ ሥራ ዘጊ ፕለጊን እዚህ ቤት ይታወቅ እንደሆነ ጠየቃት። ይታወቃል። ከሦስት ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ቀኑ ያለፈበትን ሥራ በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚዘጋ ፕለጊን ይጫን ብሎ ነበር። እሷ ለብቻው ሞከረችው፤ ሥራውን የሚዘጋው በሠራተኛው ስም ሆኖ አገኘችው። በሰው ስም የሚፈርም ነገር አልጭንም ብላ በሰው ሁሉ ፊት እምቢ አለች። አሁንም የተጫኑት ፕለጊኖች ዝርዝር ላይ ስድስት አሉ፤ ያ ግን ከመካከላቸው የለም።

«አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ» አለ መርማሪው። «መሠረቱስ?»

እህትየው የመረጃ ቋቱን ከፈተች። ሰንጠረዡ ቁጭ ብሎ አገኙት። የመዝጊያ ሰዓት፦ አራት። የተጫነበት ቀን፦ ቀጭኔ የሞተበት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። የጫነው ሰው፦ እሷ ራሷ።

«ይሄ እኮ አንቺን ነው የሚያሳስረው» አላት መርማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይታየኛል። ይጻፉት። እኔ አልጫንኩትም፤ ስለ ወንድሜ የቀረ ምልክት ግን በእጄ አላጠፋም።»

መርማሪው ጻፈው። ከዚያ የይለፍ ቃሏን ማን እንደሚያውቅ ጠየቃት። አምና ወልዳ ስትተኛ፣ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ለዕቅድ ኃላፊው ሰጥታዋለች። አንድ ቅጂም በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ አለ። ጋሽ ፊውዝም ቢሆኑ ጠረጴዛዋ አጠገብ ሻይ ይዘው ሲቆሙ አይተው ሊሆን ይችላል።

«ስመለስ መቀየር ነበረብኝ፣ አልቀየርኩም» አለች። «የራሴን ጥፋት በደማቁ እፈርማለሁ። የሌላ ሰው ጥፋት ግን አልፈርምም።»

መርማሪው ከእሷ ወጥቶ ምድር ቤት ወረደ። ጋሽ ፊውዝ ከአደጋው ወዲህ እህል አልቀመሱም። ማብሪያው ያለበትን ግድግዳ ላለማየት ወንበራቸውን አዙረው ተቀምጠዋል።

«በፊት ጠጋኙ ቀይ ካርድ ማብሪያው ላይ ያንጠለጥል ነበር» አሉ። «ራሱ መጥቶ ካላነሳው አልነካም። ከዚያ ዘመን መጣ ተባለና ስክሪን ሰጡኝ። አለቀ አለኝ፣ አመንኩት።»

ያን ቀን የተለየ ነገር አይተው እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ጠርዙ ያረጀ ደብተር አወጡ። ጋሽ ፊውዝ በሕንፃው ውስጥ የሚጠፋና የሚበራ ነገር ሁሉ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ይመዘግባሉ። ስክሪኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጠፍቶ መጣ። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና ጠፍቶ መጣ፤ ስክሪኑ የበራበትን ሰዓት ራሱ ስለሚጽፍ፣ ይህን ያዩት ከሬሳው ተመልሰው ነው። መብራቱ ግን ሁለቴም አልጠፋም፤ ይህም ገርሟቸው ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ሳቄ ነው የሚቆጨኝ። ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሻዬን አምስተኛ ፎቅ ነው የምጠጣው። ኮሪደሩ ላይ የዕቅድ ክፍል ሰሌዳ አለ፤ የዘገየ ሰው ስሙ በቀይ ይለጠፍበታል። ያን ጠዋት አንድም ቀይ የለም። 'የዘገየ ሥራ የለም' ይላል። የዛሬው ተአምር ነው ብዬ ስቄ ወረድኩ። ልጁ ያኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ሥራ ላይ።»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪውን የተቀበለው ሰዓቱን እያየ ነው። ድርጅቱ መቶ ሃያ ቤተሰብ እንደሚያበላ፣ አንድ ፊርማ ነገሩን እንደሚዘጋው አስረዳ። ፕለጊኑ ይጫን ማለቱን አልካደም፤ እምቢ ስትለው ግን ትቶታል። ፖስታው ከካዝናው ሲወጣ እሽጉ አልተነካም። አምስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ ሲባል፣ ገና ከጉድጓዱ የወጣው ሬሳ አጠገብ ቆሞ ወደ ፖሊስ እየደወለ እንደነበር ተናገረ። ሠላሳ ሰው አይቶታል። ጋሽ ፊውዝም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር፣ እህትየውም የወንድሟን ጭንቅላት እንዳቀፈች ነበረች።

የመጨረሻው ሰው ዕቅድ ኃላፊው ነው። ለስላሳ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ፣ በሕንፃው ሁሉ የሚወደድ ሰው። እህትየውን «እህቴ» ነው የሚላት። በሐዘኑም ከማንም በላይ አብሯት የቆመ እሱ ነው፤ ራሷን ስታ ስትወድቅ ሮጦ ውሃ ያመጣላት እሱ ነው። ይህን ሲያወራ እንባ አቀረረው። መርማሪው አጽናናው። ሲወጣ ግን ሬሳው ከወጣበት የሊፍት በር እስከ ውሃ ማጣሪያው በእርምጃ ለካ፤ አሥራ አራት እርምጃ። ተመልሶ ውሃው መቼ እንደ ደረሰላት እህትየውን ጠየቃት። ፖሊሶቹ ከገቡ በኋላ ነው አለችው፤ ውሃ ላምጣ ብሎ ከሄደ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ።

በሦስተኛው ቀን አራቱንም አምስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ በዚያ ሰሌዳ ሥር ሰበሰባቸው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ነበር የመጣው። እህትየው ከፊቱ ቆማለች፤ አንገቷን አልደፋችም።

«እዚህ ቤት አንድ ፕለጊን ተጭኖ ነበር» ብሎ ጀመረ መርማሪው። «አሁን የለም፣ ሰንጠረዡ ግን ቀርቷል። ያነሳው ሰው ፎልደሩን ብቻ ሰርዟል። መጫን ተምሯል፣ ማንሳት አልተማረም።»

«ያው እሷ ናት!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስሟ ተጽፎ የለም?»

«ስሟ ተጽፏል። እኔም ስሙን አልተከተልኩም፤ እጁን ተከተልኩ። ፕለጊን ሲገባም ሲወጣም ሲስተሙ ጠፍቶ መብራት አለበት፤ ያም ከቢሮ ኮምፒውተር ብቻ የሚደረግ ነው። ጋሽ ፊውዝ ሁለቱንም መዝግበዋል። ሁለተኛው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ላይ እሷ ወንድሟን አቅፋለች፣ እርስዎ ስልክ ይዘዋል፣ እሳቸው ወለሉ ላይ ናቸው። ሠላሳ ምስክር አለኝ። ከአራታችሁ አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ውሃ ሊያመጣ ሄዶ።»

ዕቅድ ኃላፊው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሕንፃው ትልቅ እንደሆነ፣ ብርጭቆ ፍለጋ እንደዞረ ተናገረ። ግማሽ ሰዓት ብርጭቆ ፍለጋ! እኔ ብሆን ቢያንስ የተሻለ ውሸት እፈልግ ነበር።

«ይሁን፣ ብርጭቆ ጠፍቶ ይሆናል» አለ መርማሪው። «አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ። 'የዘገየ ሥራ የለም' የሚለውን ወረቀት ስንት ሰዓት ለጠፍከው?»

«እንደ ወትሮዬ። ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«አሥራ አንዱ ሥራዎች የተዘጉት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንዱም ቀይ ነበሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሚዘጉ እንዴት አወቅህ?»

ዕቅድ ኃላፊው ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ወረቀቱ ዛሬም እንደተለጠፈ ነው። በአደጋው ዕለት ለአራት ሰዓት ተኩል የሕንፃው ባለቤቶች ሊጎበኙ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳው ቀይ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ንጹሕ ሆኖ እንዲያዩት ፈለገ። ልማዱም አልለቅህ አለው፤ ወረቀቱን በተለመደው ሰዓት ለጠፈ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«ማንም እንዲሞት አልፈለግሁም» አለ በመጨረሻ። «ቀይዋ እንድትጠፋ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው መኖሩን አላሰብኩም። እህቴ፣ በእናትሽ...»

«እናቴን አትጥራ» አለችው። «ሳታስብ መጫንህን ልቀበል፣ እሺ። ፎልደሩን የሰረዝከው ግን አስበህ ነው። ወንድሜ ገና ሳይቀዘቅዝ ሞቱን በስሜ ላይ ጥለህ፣ ወርደህ ውሃ አጠጣኸኝ። እኔም አመስግኜ ጠጣሁልህ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት በደረጃው ወረዱ፤ ሊፍቱ ገና አልተከፈተም።

ሥራ አስኪያጁ ያልተፈረመውን ወረቀት ሊቀድደው አጠፈው። እህትየው እጁን ያዘችው። ካሁን በኋላ ማንም ሰው ማንኛውንም ነገር እንዲሰርዝ እንደማትፈቅድ፣ ወረቀቱም ከማስረጃው ጋር እንደሚያያዝ ነገረችው። ቀይ ካርዱም ነገ ማብሪያው ላይ እንዲመለስ ጠየቀች። ጠየቀች አልኩ እንጂ፣ አዘዘችው ማለት ይቀላል። እሺ አለ። ጋሽ ፊውዝ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ካርዱን እኔ እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ አሏት።

ከዚያ ቢሮዋ ገብታ ተቀመጠች። መጀመሪያ የይለፍ ቃሏን ቀየረች። ቀጥላ የወንድሟን ሥራ ፈለገች፤ «ተጠናቀቀ» ይላል፣ በስሙ፣ አራት ሰዓት። መርማሪው ልሂድ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል፤ እንደ ልማዱ አልሄደም።

ሥራውን መልሳ ከፈተችው። ከሥሩ በራሷ ስም አንድ መስመር ጻፈች፦ «ይህን ሥራ ወንድሜ አልዘጋውም። እየሠራ ነበር።»

ቦርሳዋንም አነሳችና ለእናቷ ልትነግር ወጣች።