የዶክተር ቀጸላ ግንዘት

ዶክተር ቀጸላ ስዊድን ውስጥ ስፖንጋ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተመሳቅለው አውራ ጣቶቻቸው በሲባጎ ታስረዋል። የፖሊስ መርማሪዋ አዜብ ጎንበስ ብላ ስታይ ሲባጎው ጫፍ ላይ ቀይ ሰም አገኘች። ከደረጃ የወደቀ ሰው ራሱን አይገንዝም።

ጠረጴዛው ላይ ዶክተሩ ለአንዲት ቅጥር ያላት የጣሊያን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጻፉት ደብዳቤ ነበር። «በእንግድነት ሳለን ከመካከላችን አንዱ ከጸሎት ቤታችሁ ትንሽ የእብነ በረድ መልአክ ወስዷል። እንግዳ የገባበትን ቤት አጉድሎ አይወጣም። አሽጌዋለሁ፤ ነገ በፖስታ ይደርሳችኋል።»

እሽጉ የለም።

በ2006 መኸር ወደዚያች ከተማ አብረዋቸው የሄዱት ሦስት ነበሩ። ሬሳውን ያገኘችው ተከራያቸው ያኔት አንዷ ናት።

«ሜርስታ ከተማ ሥራ ውዬ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ስገባ ነው ያየኋቸው። አልነካኋቸውም፤ ፈራሁ።»

«ጉዞው ላይ ጠብ ነበር?»

«ጠብ እንኳን አይባልም። ዶክተር አላስቀምጥ አሉን እንጂ። ቅጥሩ ላይ አትውጡ፣ በሰው መስኮት ሥር አትጩኹ፣ ትከሻችሁን ሸፍኑ... ሰሎሞን ግን በቁምጣ መጥቶ ጠባቂዎቹ ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ መለሱት።»

ሰሎሞን ስዊድን ያደገ የዶክተሩ የእህት ልጅ ነው። አዜብ የእጆቹን ፎቶ ስታሳየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለምን አሰሩት? እንዳያመልጥ ነው?»

ሦስተኛው ጋሽ ሀይሌ ከተማሪነት ዘመን ጀምሮ ወዳጃቸው ናቸው።

«እንግዳ እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ ይሁን ሲል ታከተኝ» አሉ። «የአክሱምን ሐውልት ስልሳ ስምንት ዓመት አደባባያቸው ሲያቆሙ የእኛን ቤት ማን አከበረ?»

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

በማግስቱ አዜብ ሦስቱን በዶክተሩ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከምድር ቤቱ ቅዝቃዜ ይወጣል፤ በሩን ለመዝጋት የደፈረ አልነበረም።

«ሰሙ የዶክተር ማኅተም ነው፤ ሲባጎውም የእሽጉ» አለች። «ስለዚህ የገነዛቸው እሽጉን የወሰደው ሰው ነው። የሞቱት ቀትር ላይ ነው፤ እጅ የሚመሳቀለው ደግሞ ሰውነት ሳይደርቅ ነው። በዚያ ሰዓት ያኔት ሜርስታ እንደነበረች አለቃዋ መስክሯል። ሰሎሞን ጸሎት ቤቱ አልገባም፤ ግንዘቱንም የእስረኛ ማሰሪያ መስሎታል። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ሀይሌ። ደግሞስ የሚጠላውን ሰው ማን ይገንዛል?»

አዛውንቱ ተነስተው የምድር ቤቱን በር ዘጉት።

«መልአኩን ለልደቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደስ ይለዋል ብዬ። እሱ አሽጎ ሊመልስብኝ! ስንጓተት ገፋሁት።»

«ወዲያው ሞቱ?»

«አልሞተም። ሐኪም ብጠራ ይናገርብኛል ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ።»

ያኔት አፏን በእጇ ያዘች።

«ምንም አላሉም?» አለች አዜብ።

«‹ሀይሌ፣ እሽጉን ፖስታ ቤት አድርስልኝ› አለኝ። ገንዤው ይዤ ሄድኩ። ፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ ሠራተኛዋ ‹ላኪው ማነው?› ስትለኝ... የማንን ስም ልስጣት? እሽጉን ታቅፌ ወጣሁ።»